በሰኔ የሚገዛው አበባው ሳይሆን ሥሩ ነው

ግንቦት ተሟጦ ሰማዩ መዳመን ሲጀምር በአዲስ አበባ የሚደራው የጃንጥላና የቦቲ ጫማ ገበያ ብቻ አይደለም። በጋውን በየወንዙ ዳርና በየመንገዱ ጥግ መደብ ዘርግተው ውኃ ሲያመላልሱ የከረሙት የአበባ ችግኝ ሻጮችም ቀን የሚወጣላቸው በዚሁ ሰሞን ነው። ከግንቦት ማብቂያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያለው ጊዜ ለእነሱ፣ ለልብስ ነጋዴ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ እንደ ማለት ነው። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚቀራቸው ገዢ አዲስ ቤት የሚገባ ሰውና ለድግስ ግቢውን የሚያሳምር ብቻ ይሆናል።

ይህን ንግድ ከሌላው የሚለየው ሸቀጡ ዝም ብሎ የማይቀመጥ መሆኑ ነው። የጤፍ ነጋዴ ዋጋው ካልተስማማው መጋዘኑን ቆልፎ መጠበቅ ይችላል። ብረታ ብረት የያዘም እንዲሁ። ችግኝ ግን ባደረ ቁጥር ውኃ ይጠጣል፣ አረም ይበቅልበታል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የተተከለበት ላስቲክ ይጠበዋል። ሥሩ መሄጃ አጥቶ ከላስቲኩ ግርጌ ዙሪያውን ሲጠመጠም ከላይ ቅጠሉ ለምለም፣ ከታች ግን ተክሉ የታነቀ ይሆናል። ሻጩ ይህን ስለሚያውቅ ሰኔ ላይ ገዢ ሲመጣለት ቶሎ ዓይን የሚይዘውን ከፊት ይደረድራል። ዓይን የሚይዘው ያበበው ነው።

የብዙ ገዢ ኪሳራም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ገዢዋ ከመኪና ወርዳ «ያበበውን አሳየኝ» ትላለች፤ ሻጩም «ይቺን ውሰጂ እናቴ፣ ይቺ ዓመቱን ሙሉ ነው የምታብበው» ይላል። ደማቅ ወይን ጠጅ የለበሰ አራት አምስት ላስቲክ ቡገንቪሊያ ተጭኖ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቀለሙ ይረግፋል፤ ቅጠሉም መገርጣት ይጀምራል። ተታለልኩ ማለት ይከተላል። በእርግጥ ተክሉ አልሞተም፣ ሻጩም ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ያልተስማማው ወቅቱ ነው።

ቡገንቪሊያ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ሰው አበባ የሚለው ያ ደማቅ ቀለም አበባ ሳይሆን ቀለም የያዘ ቅጠል ሲሆን እውነተኛው አበባ መሐል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ነገር ናት። ተክሉ ቀለሙን የሚያወጣው ፀሐይ ሲመታውና አፈሩ ደረቅ ሲል ነው። በአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ፀሐይ የምትታየው በአማካይ በቀን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የቀኑ ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ፣ የሌሊቱ ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ በሰኔ የተገዛ ቡገንቪሊያ እስከ መስቀል ማዶ ቢያኮርፍ አይፈረድበትም። ይህ ማለት ግን በሰኔ አይተከል ማለት አይደለም። መተከል ያለበት በሰኔ ነው፤ የሚጠበቀው ግን በበጋ ነው። በሰኔ ገዢው ገንዘቡን የሚያወጣው ለሥሩ እንጂ ለቀለሙ አይደለም።

ሰኔ 15 እና ነሐሴ 15

ነገሩን በነጋዴ ሒሳብ ማየት ይቻላል። ሰኔ 15 ቀን መሬት የገባ ችግኝ እስከ መስቀል ድረስ 97 ቀን አለው። ነሐሴ 15 ቀን የገባው ያለው 37 ቀን ብቻ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ ቢሆንም አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ይዘጋል። የበልጉ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ፣ እሱም ከመጣ፣ ግቢ የሚኖረው በቧንቧ ነው። ቧንቧው ደግሞ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ስንት እንደሆነ ለከተማው ነዋሪ መንገር አያስፈልግም።

20 ሜትር ርዝመት ያለው አጥር ሥር በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ጄራኒየም ለመትከል 50 ችግኝ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለት ሊትር ውኃ ቢሰጥ በሳምንት 200 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን 10 መሆኑ ነው። ከጥቅምት መግቢያ እስከ የካቲት መጨረሻ ያሉትን አምስት ወራት ይዞ ሲታሰብ ከ200 ጄሪካን በላይ ይሆናል። ሰኔ ላይ የተተከለው ጥቅምት ሲገባ ሥሩን ወደ ታች ስለሚሰድ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢጠጣም ይቆማል። ነሐሴ ላይ የተተከለው ግን ገና የላስቲኩን ቅርጽ እንደያዘ ነው፤ ፈረቃው አንድ ሳምንት ቢዘልለው ይጠወልጋል። ከ50 ችግኝ 20 ቢደርቅ ደግሞ ለቆመው ለእያንዳንዱ የተከፈለው ዋጋ በሁለት ሦስተኛ ተወደደ ማለት ነው። ነሐሴ ላይ በግማሽ ዋጋ ገዛሁ ብሎ የሚደሰት ሰው ብዙውን ጊዜ ይህን ሒሳብ አልሠራም።

ሒሳቡ ይበልጥ የሚጎዳው ባለ ብዙ ግቢውን ነው። እንግዳ ማረፊያ የከፈተ፣ ቤት ገንብቶ የሚሸጥ፣ ወይም የድርጅቱን መግቢያ ለማስዋብ ውል የሰጠ ሰው ችግኝ የሚገዛው በመቶ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ቀን የሚዘጋ በመሆኑ የቢሮዎች ግዢ ከተከላው ወቅት ጋር ይገጥማል። ይህ መግጠም አንዳንዴ ጥሩ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ገንዘቡ ሳይመለስ ይውጣ እንጂ ምን ይተከል የሚለው አይታሰብም። ውል የሚሰጡ የግል ባለሀብቶች ግን አንድ ቀላል መላ አላቸው፤ ክፍያውን ከሁለት ከፍለው ቀሪውን የሚሰጡት ኅዳር ላይ የቆመውን ቆጥረው ነው። ሰኔ ላይ ተተክሎ የታየ ነገር ሁሉ ለምለም ነው። ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ ካቆመና ውርጭ ከወረደ በኋላ የቆመው ግን በእውነት የተተከለ ነው።

ላስቲኩን ጎንበስ ብሎ ማየት

ዕቃ ለይቶ መግዛት ለለመደ ነጋዴ ችግኝ መምረጥ አስቸጋሪ አይደለም፤ ብቻ ከላይ ሳይሆን ከታች መጀመር አለበት። ላስቲኩ አንሳ ሲባል ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ የማይነሳ ከሆነ ሥሩ በላስቲኩ ቀዳዳ ወጥቶ መሬት ይዟል ማለት ነው። ሲነቀል ዋናው ሥር እዚያው ይቀራል፤ ገዢው ይዞ የሚሄደው ቅጠል ነው። እንዲህ ያለውን በርካሽም ቢሆን መተው ይሻላል። ግንዱ ቀጥኖ ተመዝዞ የረዘመው ጥላ ሥር ተጨናንቆ ያደገ ሲሆን ከእሱ ይልቅ አጭሩና ወፍራሙ ይመረጣል። ቅጠሉን ገልብጦ ማየትም ተገቢ ነው። ክሽክሽና ሸረሪት መሰል ተባይ የሚደበቀው ከበታች በኩል ስለሆነ አንድ የታመመ ችግኝ ይዞ ግቢ መግባት በሽታውን ለነባሩ አትክልት ማስረከብ ነው።

ላስቲኩ ውስጥ ያለው አፈር ላይ አረም በዝቶ ከታየ ችግኙ እዚያ ዓመት እንደከረመ መገመት ይቻላል። አንዳንድ ሻጭ አረሙን ነቅሎ ጥቁር አፈር ከላይ ይነሰንስበታል። ይህን ለማወቅ ጣትን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ሰደድ ማድረግ በቂ ነው፤ ከታች ድንጋይ የመሰለ ጠጣር ነገር ከተገኘ የተጠመጠመ ሥር ነው። በጽጌረዳ ላይ ደግሞ የሚታየው ማዳቀያው ነው። በሌላ ግንድ ላይ የተዳቀለ ከሆነ ከግርጌው አበጥ ያለ መገጣጠሚያ ይኖረዋል። ከመገጣጠሚያው በታች የበቀለ ቅርንጫፍ የገዢውን አበባ ሳይሆን የመሠረቱን ግንድ አበባ ነው የሚሰጠው፤ ስለዚህ በታየ ቁጥር መነቀል አለበት። ቀይ ገዝቼ ነበር፣ በዓመቱ ተቀየረብኝ የሚለው ቅሬታ መነሻው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ደላላን በተመለከተ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በዚህ ገበያ ደላላው ብዙውን ጊዜ ከመንገድ የሚጠብቅ ሰው ሳይሆን የግቢው አትክልተኛ ራሱ ነው። አትክልተኛው ገዢ ይዞ ሲመጣ ሻጩ የድካሙን ይሰጠዋል። ነውር የለበትም፣ የትኛውም ገበያ እንዲሁ ነው። ሆኖም አትክልተኛው የመረጠውን ችግኝ ባለቤቱ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ቢያየው አይከፋም።

መረሬና ቀይ አፈር

አዲስ አበባ ላይ አንድ ዓይነት አትክልት ለሁሉም ሰፈር አይሆንም። ከእንጦጦ ግርጌ ጀምሮ በጉለሌ በኩል ያለው አፈር በአብዛኛው ቀይ ነው፤ ውኃ ያሳልፋል። ወደ ቦሌና ወደ አቃቂ ሲወረድ የሚገኘው መረሬው ነው። መረሬ በበጋ ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል፣ በክረምት አብጦ ውኃ ያቁራል። በመረሬ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ችግኝ መትከል ገንዳ ውስጥ እንደ መትከል ነው፤ ውኃው መውጫ ስለሌለው ሥሩ ይበሰብሳል። የጓሮ አትክልት አልበቅልልህ ያለው የቦሌ ነዋሪ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ችግኙ ሳይሆን ይህ ነው።

መፍትሔውን የሸዋ ገበሬ ካወቀው ቆይቷል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ገበሬው ቤተሰቡን ይዞ መረሬውን በእጁ ከፍ ያለ መደብ እያደረገ፣ መሐል ለመሐል ቦይ እያወጣ ስንዴ ይዘራበታል። ለግቢም የሚሆነው ይኸው ነው። መደቡን ከመሬቱ 20 እና 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ብስባሽና የበሰለ ፍግ ቀላቅሎ በላዩ መትከል ነው። ሥራው መጀመር ያለበት በግንቦት፣ መሬቱ ሳይርስ ነው። ሰኔ አጋማሽ ላይ መረሬ ውስጥ እግር ይዞ የገባ ሠራተኛ አፈሩን ረግጦ ያጠጥረዋል፤ ያ ጥፋት ለወራት አይጠገንም። በቀዩ አፈር ላይ ደግሞ ችግሩ ተቃራኒው ነው። ውኃው ምግቡን ይዞ ያልፋል። ማዳበሪያ በአንድ ጊዜ ከመበተን ከፋፍሎ በትንሽ በትንሹ መስጠት ይሻላል፤ የሐምሌ ዝናብ የአንድ ቀን ብታኙን ጠርጎ ወደ ጎረቤት ሊወስደው ይችላል።

በየትኛውም አፈር የሚሠራ አንድ ስህተት አለ። ችግኙን ከነላስቲኩ መቅበር። ይህ ቀልድ የሚመስለው ካለ የደረቀ ተክል ነቅሎ ይመልከት። ብዙ ችግኝ በአንድ ቀን እንዲተክሉ በቀን ሒሳብ የተቀጠሩ ሰዎች ሲቸኩሉ የሚያደርጉት ነው።

ክረምቱን የሚወዱት

ዝናብና ደመና የማይከፋቸው፣ እንዲያውም በእሱ የሚያምርባቸው አበቦች አሉ። ነጭ ጥሩምባ የመሰለው ካላ ከነዚህ አንዱ ነው። የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ሲሆን እርጥብ ቦታ ይወዳል፤ የጣሪያ ውኃ በሚወርድበት ጥግ፣ ሌላው ተክል በሚሰጥምበት ቦታ እሱ ይፋፋል። ሃይድሬንጃም በክረምት ጥላ ውስጥ ይመቸዋል። ይህ አበባ የአፈሩን ጠባይ የሚናገር ነው፤ አሲድ የበዛበት አፈር ላይ ሰማያዊ፣ አሲድ በሌለበት ሮዝ ይሆናል። ስለዚህ ሻጩ ጋ ሰማያዊ ሆኖ የተገዛው ቤት ገብቶ ሮዝ ቢሆን ማንንም መክሰስ አይገባም።

ዳሊያ ደግሞ የሜክሲኮ ተወላጅ ስትሆን የሚተከለው ድንች የመሰለ ሥሯ ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም 1 ያለው 81 ቀን ለዳሊያ ልክ ነው፤ ከተተከለች ከሁለት እስከ ሦስት ወር ገደማ ባለው ጊዜ ታብባለች። ለእንቁጣጣሽ ግቢዬ በአበባ ይታጀብ የሚል ሰው ዳሊያን ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቢተክል አይደርስለትም። ሁለት ጠላት አላት። አንደኛው ያቆረ ውኃ ሲሆን ሥሯን ያበሰብሳል። ሁለተኛው ቀንድ አውጣ ነው፤ ቡቃያውን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ማታ በባትሪ ብርሃን እየፈለጉ መልቀም ከማንኛውም መድኃኒት ይረክሳል። ዳሊያ ከፍ ስትል እንጨት ካልተደገፈላት የነሐሴ ዝናብና በረዶ ያጋድማታል።

ከሀገር በቀሉ ወገን ቅድሚያ የሚገባው እንሶስላ ነው። እናቶች ለዓመት በዓልና ለሠርግ እጅና እግራቸውን የሚሞቁት እንሶስላ የሚገኘው ከዚህ ተክል ሥር ነው፤ አበባውን ግን ብዙ የከተማ ሰው አያውቀውም። ቁመቱ ከሰው ወገብ ያልፋል። አበባው ትልልቅ ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለው፤ ሲመሽ መልካም ሽታ ይሰጣል። የሚፈልገው ደግሞ የአዲስ አበባ ክረምት የሚሰጠውን ነው፤ ጥላ፣ እርጥበትና ቀዝቃዛ አየር። በበጋ ከላይ ደርቆ ይጠፋና ሥሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፤ ክረምት ሲመለስ ራሱ ይበቅላል። ውኃ በፈረቃ ለሚያገኝ ግቢ ከዚህ የተሻለ ደንበኛ ከየት ይመጣል? ሆኖም እንሶስላ በገበያ የሚገኘው እንደ ማቅለሚያ በሥሩ እንጂ እንደ አበባ በችግኝ መልክ እምብዛም አይደለም። ከሜክሲኮና ከብራዚል የመጣውን የሚያባዛው ሻጭ ይህን ቢያባዛ ገዢ አያጣም ብሎ መገመት ይቻላል። ቢያንስ ተፎካካሪ የለበትም።

ቀጋም እንዲሁ ነው። ከሰሃራ በታች ባለው የአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የበቀለች ብቸኛዋ ጽጌረዳ እሷ ናት ይባላል። አበባዋ ነጭ፣ ሽታዋ ጥሩ፣ እሾኋ ደግሞ ሌባ የሚመልስ ነው። በገጠር አጥር ሆና ኖራለች። ከኮሽም ጋር ተቀላቅላ ብትተከል አጥሩ አበባም፣ ፍሬም፣ ዘበኛም ይሆናል። ሀገር በቀሉን በአንድ ቦታ ማየት የሚፈልግ ሰው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልን ቢጎበኝ ብዙ ይማራል።

እግረ መንገድ፣ ልጆች የሚውሉበት ግቢ ያለው ሰው ኦሊያንደርን ቢተው ይሻላል። ውበቱ ሳይካድ፣ ከቅጠሉ እስከ ግንዱ መርዝ ነው። የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ይህን ችግኝ ከመግዛቱ በፊት ሁለት ጊዜ ማሰብ አለበት።

ጽጌረዳና መቀሱ

ጽጌረዳ ግን ክረምትን አትወድም። እርጥበቱ ለሻጋታ ይመቻል፤ ቅጠሏ ላይ ጥቁር ነጥብ ይወጣና ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። ሰኔ ሲገባ የሚደረግላት ነገር መሐሏን ማሳሳት ነው፤ የደረቀውን፣ የቀጠነውንና ወደ ውስጥ የሚያድገውን ቅርንጫፍ ቆርጦ አየር እንዲያልፍባት ማድረግ። የረገፈው የታመመ ቅጠል ሥሯ ሥር ከተተወ በዝናቡ ፍንጣሪ ተመልሶ ይወጣባታል፤ ስለዚህ ተለቅሞ ይቃጠል ወይም ይቀበር። ዋናው ግርዛት ሐምሌ መግቢያ ላይ ቢሆን እስከ መስከረም 1 ድረስ 65 ቀን አላት። ቀዝቃዛውን ወቅት ታሳቢ አድርጎ ሲታይ ለዓመት በዓሉና ለመስቀል ለማድረስ የሚበቃ ጊዜ ነው። መቀሱ ስለት ያለው ይሁን፤ ደነዝ መቀስ ግንዱን ይጨፈልቀዋል፣ በሽታም የሚገባው በዚያው ነው። የተቆረጠው ቅርንጫፍ አይጣልም። የእርሳስ ውፍረት ያለውን መርጦ አንድ ስንዝር እያደረጉ በእርጥብ አፈር ቢተክሉት የተወሰነው ሥር ያወጣል። ብዙ ሻጭ ወደዚህ ንግድ የገባው ከደንበኛ ግቢ በተቆረጠ ቅርንጫፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የጽጌረዳ ነገር ከተነሳ፣ ኢትዮጵያ አበባ ወደ ውጭ በመላክ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ሁለተኛ መሆኗ ይታወቃል። በሆለታ፣ በሰበታና በዝዋይ በኩል ያሉ እርሻዎች የሚያመርቱት የሚሄደው በአብዛኛው ወደ አውሮፓ ነው። እኛ ክረምት የምንለው ጊዜ ለእነሱ በጋ ነው፤ የየቤታቸው ግቢ ያብባል፣ ሕዝቡም ለዕረፍት ከከተማ ይወጣል። ስለዚህ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ነሐሴ በሆላንድ ጨረታ የአበባ ዋጋ የሚላላበት ጊዜ ነው። ገበያው እንደገና የሚያገግመው አየሩ ሲቀዘቅዝባቸው ሲሆን ከፍተኛው ደግሞ የካቲት መግቢያ፣ የፍቅረኞች ቀን በሚሉት ሰሞን ነው። አልሚዎቹም ጥገናና ግርዛታቸውን ከዚህ ጋር ያያይዙታል። የከተማው ችግኝ ሻጭና የሆለታው አልሚ አንድ ዓይነት ተክል ይዘው የገበያ ቀናቸው ተቃራኒ መሆኑ የሚገርም ነው፤ አንዱ በሰኔ ሲደራለት ሌላው በሰኔ መቀስ ይስላል።

የሻጩ ነሐሴ

በሰኔና በሐምሌ ችግኝ መትከል በሀገር ደረጃ የታወቀ ልማድ እየሆነ የመጣው በተለይ የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ሐምሌ 22 ቀን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቆ ነበር። በ2016 ዓ.ም የተጀመረው የኮሪደር ልማትም በየጎዳናው ዳር ሣርና አበባ አስተክሏል። ሁለቱም የነዋሪውን ዓይን ወደ ግቢው እንዲመለስ አድርገዋል ማለት ይቻላል። ለትንሹ ሻጭ ግን የዓይን መመለስ ብቻ አይበቃውም፤ ገዢው ዝናቡ ሳይከብድ መምጣት አለበት።

ነሐሴ ሲገባ በሻጩ መደብ ላይ የሚቀሩት ያደጉትና የረዘሙት ናቸው። ገዢ ጭቃ ፈርቶ አይወርድም፤ ያለውም ገንዘብ ወደ ትምህርት ቤት ክፍያና ወደ ዓመት በዓል ይዞራል። በዚህ ጊዜ ብልህ ሻጭ ሁለት ነገር ያደርጋል። ጄራኒየሙን አጭር አድርጎ ቆርጦ ቁርጥራጩን በአዲስ ላስቲክ ይተክላል፤ ከአንድ ያልተሸጠ ችግኝ አምስት ስድስት ያወጣል። ቡገንቪሊያውንና ሌላውን እንጨታማ ተክል ደግሞ ወደ ሰፊ ላስቲክ ያዛውራል፤ በሚቀጥለው ሰኔ ትልቅ ሆኖ በትልቅ ዋጋ ይወጣል። ይህን ለማድረግ ግን አፈር፣ ላስቲክና የበጋውን ውኃ የሚችል ገንዘብ ያስፈልገዋል። የሌለው በተገኘው ዋጋ ይለቅቃል።

ትዕግሥት ያለው ገዢ ከዚህ መጠቀም ይችላል። በነሐሴ የተለቀቀውን በርካሽ ገዝቶ መሬት ከመትከል ይልቅ የተጠመጠመውን ሥር ከግርጌው በስለት ቆርጦ፣ ቅርንጫፉን በግማሽ ገርዞ፣ ሰፋ ባለ ላስቲክ ወይም በተሰበረ ባልዲ ውስጥ አዛውሮ ጥላ ሥር ያከርመዋል። በጋውን የሚጠጣው ውኃ የዕቃ ማጠቢያው እጣቢ ቢሆንም፣ ዘይትና ብዙ ሳሙና እስከሌለበት ድረስ ይበቃዋል። ግንቦት ላይ ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ፍጉ ገብቶ ይጠብቀዋል።